ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ፦ ውሳኔው፣ ገንዘቡና ተጠያቂነቱ

በአንድ የገጠር ቀበሌ የውሃ ፓምፕ ሲሰበር ነዋሪው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። ቀበሌው ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጽፋል። ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ሲኖረው መለዋወጫ ያጣል፤ መለዋወጫው ሲገኝ ደግሞ ለሞተር ብስክሌቱ የሚሆን ነዳጅ አልተመደበም። ነዋሪዎቹ አቤት ሲሉ የሚሰሙት መልስ «ከበላይ አልተፈቀደም» ወይም «መመሪያ አልወረደም» የሚል ነው። በሌላ በኩል የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ የመንግሥት ሪፖርቶችም ወረዳ የልማት ማዕከል መሆኑን ይገልጻሉ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን የሚኖሩት እንዴት ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ሥልጣን ወደ ታች ሲወርድ በትክክል ምን እንደሚወርድና ምን ላይ እንደሚቀር መለየት ያስፈልጋል።

ሥልጣንን ማውረድ ሲባል ምን ማለት ነው?

መንግሥት ሥራውን ወደ ታች የሚያወርድባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፤ በየዕለቱ ንግግር ሦስቱም «ያልተማከለ አስተዳደር» ስለሚባሉ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። አንደኛው ሥራን ማከፋፈል ነው። አንድ ሚኒስቴር ወይም ቢሮ በየአካባቢው ቅርንጫፍ ከፍቶ ሠራተኛ ይመድባል፤ ባለጉዳዩ ሩቅ ከመጓዝ ይድናል፤ ውሳኔው ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት አይወጣም። ሁለተኛው ውክልና ነው። የበታቹ አካል አንድን ተግባር በበላዩ ስም ያከናውናል፤ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ሊያነሳው ይችላል። ሦስተኛውና ከባዱ ሥልጣንን ማስተላለፍ ነው። በዚህ ጊዜ የአካባቢው አስተዳደር በሕግ ተለይቶ የተሰጠው ሥልጣን፣ ነዋሪው የመረጠው ምክር ቤት፣ በራሱ የሚያዝበት በጀትና ገቢ ይኖረዋል።

ልዩነቱን ከቤት ውስጥ ኑሮ ማየት ይቻላል። እናት ልጇን ገንዘብ ሰጥታ «ጨው ገዝተህ ና» ብትለው ልካዋለች እንጂ ሥልጣን አልሰጠችውም። «የዚህን ወር አስቤዛ አንተ ያዝ» ብላ ብሩን ብታስረክበው ግን ዘይት ለመጨመር ብሎ ቡና ሊቀንስ ይችላል፤ ወሩ ሲያልቅ ገንዘቡ በምን በምን እንደወጣ የሚጠይቁትም ከዚያው ማዕድ የሚቆርሱት ሁሉ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ሥልጣን በእርግጥ ወርዷል ወይስ አልወረደም የሚለውን ለመለየት ሦስት ነገሮችን ማየት በቂ ነው፦ ማን ይወስናል፣ ገንዘቡ በማን እጅ ነው፣ ያጠፋ ሹም ለማን መልስ ይሰጣል። ውሳኔው ያለ ገንዘብ ቢወርድ የወረደው ሥራው ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ያለ ተጠያቂነት ቢወርድ ደግሞ የሚያዝበት ሹም ተለወጠ እንጂ ሕዝቡ የሚያዝበት ነገር አላገኘም።

ወረዳ ድሮም ነበረ፤ ታዲያ ምን ተለወጠ?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ አዋቅሮ ለየእርከኑ ደመወዝተኛ ሹም መደበ። የሹሞቹ ተጠሪነት በአገር ግዛት ሚኒስቴር በኩል ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ አስተዳደርን የሚያቋቁም ትእዛዝ ወጣ፤ አውራጃዎች ምክር ቤት እንዲኖራቸው ታስቦ ነበር። ሆኖም ሐሳቡ በፓርላማው ዘንድ የሚያስፈልገውን ድጋፍ ስላላገኘ በሰፊው ሳይተገበር አብዮቱ ደረሰ። ሥልጣኑን በወረቀት ሰጥቶ ገንዘቡን ማስቀረት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምናውቀው ችግር ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጆች የገበሬ ማኅበራትንና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ፈጠሩ። ዛሬ የምናውቀው ቀበሌ የተወለደው ያኔ ነው። ማኅበራቱ መሬት አከፋፍለዋል፣ የራሳቸው የፍርድ ሸንጎ ነበራቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የምልመላ፣ የኮታና የቁጥጥር መሣሪያ ሆኑ። ነዋሪው ቀበሌን ሲያስብ አገልግሎትንም ፍርሃትንም አብሮ የሚያስበው ከዚህ ታሪክ የተነሳ ስለሆነ፣ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የሚነጋገር ሁሉ ይህን ማስታወስ አለበት።

ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ሥልጣን የወረደው በሁለት ደረጃ ነው። አዋጅ ቁጥር 7/1984 ብሔራዊ ክልላዊ መስተዳድሮችን አቋቋመ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ፌዴራላዊውን ሥርዓት አጸና። በዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ግን ሥልጣኑ ክልል ላይ ቆመ። የወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ጣሪያ ለማደስ እንኳን የዞንን ወይም የክልልን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር መርሐ ግብር ሥራ ላይ ዋለ፤ ሌሎቹ ክልሎች ቀስ በቀስ ተከተሉ። በዚያን ጊዜ ቁጥራቸው ብዙ የሆነ ሠራተኞች ከክልልና ከዞን መሥሪያ ቤቶች ወደ ወረዳ ተዛውረዋል፤ ወረዳዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቅል የሚሰጥ በጀት ማግኘት ጀመሩ።

ወረዳ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከየትኛው ሕግ ነው?

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች አስፈላጊ ሆነው በሚያገኟቸው የአስተዳደር እርከኖች እንደሚዋቀሩና ሕዝቡ በዝቅተኛ እርከኖች በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ያረጋግጣል።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ግን የወረዳን ሥልጣን አንድ በአንድ አይዘረዝርም። ዝርዝሩ ያለው በክልል ሕገ መንግሥቶች ውስጥ ነው። በእነሱ መሠረት ወረዳ ምክር ቤት፣ አስተዳደር ምክር ቤት (ካቢኔ) እና ፍርድ ቤት አለው። የወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤውንና አስተዳዳሪውን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፣ የካቢኔ ሹመት ያጸድቃል፣ የልማት ዕቅድና በጀት መርምሮ ይወስናል። በአፈጻጸም ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ የጤና ጣቢያና የጤና ኬላ፣ የግብርና ኤክስቴንሽን፣ የገጠር መጠጥ ውሃና የወረዳ መንገድ በወረዳው እጅ ናቸው። በብዙዎቻችን የዕለት ኑሮ ውስጥ የሚያጋጥመን መንግሥት ይኸው ነው።

የወረዳ ሥልጣን ምንጩ የክልል ሕግ መሆኑ የራሱ ውጤት አለው። ክልሉ ወረዳን ሊከፍል፣ ሊያዋህድ፣ ሥልጣኑን ሊያሰፋ ወይም ሊያጠብ ይችላል። የወረዳው አስተዳዳሪም ተጠሪነቱ ለመረጠው ምክር ቤት ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ላለው እርከን ጭምር ነው። ሁለት አዛዥ ያለው ሹም አዛዦቹ ሲጋጩ የትኛውን እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም፤ ዕድገቱና ሹመቱ ያለው ከበላዩ ነውና።

ዞንና ቀበሌስ?

ዞን በየክልሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአማራ ክልል አብዛኞቹ ዞኖች የክልሉ አስተዳደር ቅርንጫፎች ናቸው፤ የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች ናቸው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ግን ዞኖች ምክር ቤት ነበራቸው። ቀበሌ ደግሞ ምክር ቤትና አስተዳደር ቢኖረውም የራሱ በጀት የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል የለውም። የሚሠራው በወረዳው በጀት በሚከፈላቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የግብርና ልማት ሠራተኞችና መምህራን፣ እንዲሁም በነዋሪው ጉልበት ነው።

በአዲስ አበባ «ወረዳ» ሲባል ከክፍለ ከተማ በታች ያለ፣ ቀድሞ ቀበሌ ይባሉ የነበሩትን በማዋሃድ የተፈጠረ እርከን ስለሆነ ከገጠሩ ወረዳ ጋር በስም እንጂ በአቅምና በሥልጣን አይመሳሰልም። በክልል ከተሞች ደግሞ ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት አሉ፤ ከተሞች ከመሬት ሊዝና ከማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት የሚያገኙት ገቢ ስላላቸው በገንዘብ ረገድ ከገጠር ወረዳዎች የተሻለ ነፃነት አላቸው።

ገንዘቡ በምን መንገድ ይወርዳል?

የአገሪቱ ትልልቅ የገቢ ምንጮች፣ ማለትም የገቢና ወጪ ንግድ ቀረጥና የትልልቅ ድርጅቶች ግብር፣ በዋናነት የሚሰበሰቡት በፌዴራል መንግሥት ነው። ከዚህ ገቢ ውስጥ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ነው። እያንዳንዱ ክልል የራሱን ገቢ ከዚህ ላይ ደምሮ የራሱን ድርሻ ያስቀርና ቀሪውን፣ እንደገና በቀመር፣ ለወረዳዎች ያከፋፍላል።

ለወረዳ የሚሰጠው ገንዘብ ጥቅል ድጎማ ይባላል። ጥቅል የተባለበት ምክንያት ክልሉ «ይህን ያህሉ ለትምህርት፣ ይህን ያህሉ ለጤና» ብሎ ሳይከፋፍል ስለሚልከውና ክፍፍሉን የወረዳው ምክር ቤት ስለሚወስን ነው። ከዚህ የሚለየው ለተወሰነ ዓላማ ብቻ የሚላክ ገንዘብ ነው፤ ለምሳሌ ለሴፍቲኔት ወይም ለአንድ የውሃ ፕሮጀክት የመጣን ገንዘብ ወረዳው ለሌላ ነገር ማዋል አይችልም።

ቀመሩ መጀመሪያ ላይ በሦስት መለኪያዎች ላይ የቆመ ነበር፦ የሕዝብ ብዛት፣ የልማት ደረጃ እና ገቢ ለመሰብሰብ የሚደረግ ጥረት። ኋላ ላይ በርካታ ክልሎች የወጪ ፍላጎትን ወደሚያሰላ ዘዴ ተሸጋገሩ። በዚህኛው አሠራር በወረዳው ያሉ ተማሪዎች፣ ጤና ጣቢያዎችና የልማት ሠራተኞች ተቆጥረው የሚያስፈልገው ወጪ ይሰላል፤ ወረዳው ራሱ ሊሰበስብ የሚችለው ገቢ ተቀንሶ ልዩነቱ በድጎማ ይሞላል። ይህ ለፍትሐዊነት ይጠቅማል፤ አስቸጋሪ ጎንም አለው። ትምህርት ቤት በብዛት ያለው ወረዳ በጀቱ ይጨምራል፤ ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት ያልተሠራለት ወረዳ ደግሞ የሚቆጠርለት ነገር ያንሳል። ቀመር ነገሩን ሁሉ ከፖለቲካ ነፃ ያደርገዋል ብሎ ማሰብ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ምን እንደሚቆጠር መወሰን ራሱ ትልቅ ውሳኔ ነው።

ወረዳዎች የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር፣ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የአነስተኛ ነጋዴዎች ግብር ይሰበስባሉ። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ የገጠር ወረዳዎች ይህ ገቢ ከጠቅላላ ወጪው ጥቂቱን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ የወረዳው ህልውና ከላይ በሚመጣው ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ገንዘቡ ከላይ ሲመጣ ዓይንም ወደ ላይ ያያል።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ ሲያቋርጡ፣ በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ መርሐ ግብር የሚባል አሠራር ተፈጠረ። የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች የሰጡት ገንዘብ ወደ ወረዳዎች ጥቅል ድጎማ ይገባ ነበር፤ በአንጻሩ ወረዳዎች በጀታቸውን ለሕዝብ እንዲለጥፉና አገልግሎት ተጠቃሚው እንዲጠይቃቸው የሚያደርግ ሥርዓት እንዲዘረጋ ተደረገ። ዛሬ በየወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው የምናየው የበጀት ማስታወቂያ ሰሌዳ በሰፊው የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

በጀቱ የወረዳው ከሆነ ለምን ሁልጊዜ «በጀት የለም» ይባላል?

የወረዳ በጀት በሦስት ይከፈላል፦ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃ እና ካፒታል። ደመወዝ የመምህራንን፣ የጤና ባለሙያዎችንና የሌሎች ሠራተኞችን ክፍያ ይሸፍናል። ሥራ ማስኬጃ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ መድኃኒት፣ ጠመኔና የጽሕፈት መሣሪያ የሚገዛበት ነው። ካፒታል ደግሞ አዲስ ግንባታና ትልልቅ ዕቃ ነው።

ከሦስቱ አብላጫውን የሚወስደው ደመወዝ ነው። መምህሩን ማሰናበት ወይም ጤና ጣቢያውን መዝጋት ስለማይቻል ምክር ቤቱ በጀቱን ለማጽደቅ ሲሰበሰብ አብዛኛው ገንዘብ አስቀድሞ ተወስኖ ይቆየዋል። የደመወዝ ስኬሉ የሚወሰነው በበላይ አካል ነው፤ የትምህርትና የጤና ስታንዳርዱም እንዲሁ። ወረዳው በእውነት የሚወስነው ከዚያ በተረፈው ሥራ ማስኬጃና ካፒታል ላይ ነው፤ የዋጋ ንረት ሲበረታም ቀድሞ የሚሸረሸረው ይኸው ነው። ባለሙያው ደመወዙን እያገኘ መስክ ለመውጣት ነዳጅ የሚያጣበት፣ ጤና ጣቢያው ነርስ እያለው መድኃኒት የሚያጣበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው። ይህን መረዳት ሹሞችን ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣም፤ ጥያቄውን ለትክክለኛው አካል ለማቅረብ ግን ያግዛል።

ጫናውን በመጠኑ ያቃለለ አንድ አሠራር አለ። ጤና ጣቢያዎች ከካርድ፣ ከምርመራና ከመድኃኒት የሚያገኙትን የውስጥ ገቢ ወደ ግምጃ ቤት ከማስገባት ይልቅ በሥራ አመራር ቦርዳቸው ውሳኔ መልሰው እንዲጠቀሙበት ተፈቅዷል። ቦርዱ ውስጥ የማኅበረሰብ ተወካይ ይቀመጣል። መድኃኒት ለመግዛት የዓመቱን የበጀት ዙር መጠበቅ ቀርቶ ውሳኔው ከታካሚው ጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ እንዲደረግ ያስቻለ ለውጥ ስለሆነ፣ ሥልጣን በእርግጥ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ከሚያሳዩ ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ሕዝቡ የሚሳተፈው የት ላይ ነው?

ተሳትፎ የሚባለው ነገር ደረጃ አለው። ለሕዝብ የተወሰነውን መንገር አንድ ነገር ነው፤ ከመወሰኑ በፊት ሐሳቡን መጠየቅ ሌላ ነው፤ ውሳኔውን ራሱ ለሕዝብ መተው ደግሞ ሌላ ነው። በሪፖርት ላይ «ሕዝቡ ተወያይቶበታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሦስቱንም ሊሸፍን ስለሚችል ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ብንመለከት፣ በአንድ ቀበሌ ማን ተጠቃሚ እንደሚሆን የመለየቱ ሥራ የሚጀምረው ከመንደር ነው። ነዋሪዎች ራሳቸው ያሉበት ኮሚቴ በየጎጡ ምግብ የማይዘልቅላቸውን ቤተሰቦች ይለያል፤ ማን በሬ እንዳለው፣ ማን መሬቱን ለእኩል እንደሰጠ፣ የማን ልጅ ከከተማ ገንዘብ እንደሚልክ ከጎረቤት የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከዚያም ሕዝብ ተሰብስቦ ስሙ አንድ በአንድ ይነበባል። «እሱ አይገባውም»፣ «እሷ ተረስታለች» የሚል ሰው እጁን አውጥቶ ይናገራል። ያልረካ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። አሠራሩ ዝምድናንና ተጽዕኖን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ሆኖም ስም በአደባባይ ሲነበብ በጓሮ የሚሠራ ስም ዝርዝር አደጋ ላይ ይወድቃል። ምን ያህል ሰው ይታቀፍ የሚለው ኮታ ግን ከላይ ይመጣል፤ ስለዚህ ሕዝቡ «ማን» የሚለውን ይወስናል እንጂ «ስንት» የሚለውን አይወስንም።

ሌላው የማኅበራዊ ተጠያቂነት አሠራር ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ሲካሄድ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየቡድናቸው ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ለየብቻ መሆናቸው ሴቶች በባሎቻቸው ፊት የማይናገሩትን እንዲናገሩ ይረዳል። እያንዳንዱ ቡድን ስለ መድኃኒት አቅርቦት፣ ስለ ወረፋ፣ ስለ ወሊድ ክፍሉ ንጽሕና፣ ስለ ሠራተኛው አቀባበል ነጥብ ይሰጣል። በሌላ ክፍል የጤና ባለሙያዎቹ ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች የወረዳው ኃላፊዎች ባሉበት ፊት ለፊት ይገናኙና ነጥቡ የተለያየበትን ምክንያት ይነጋገራሉ። ብዙ ጊዜ ነዋሪው ነርሷን ሲወቅስ ቆይቶ የውሃ መስመሩ እንደተቋረጠባት ይሰማል፤ ነርሷም እናቶች ወደ ጤና ጣቢያው የማይመጡት የማዋለጃ ክፍሉ መጋረጃ ስለሌለው መሆኑን ትረዳለች። መጨረሻ ላይ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ በጽሑፍ ይስማማሉ።

በትምህርት ቤት ደረጃ የወላጅ መምህር ኅብረት አለ። ኅብረቱ ለትምህርት ቤቱ በሚላከው የድጎማ ገንዘብ አጠቃቀም ላይ ይመክራል፣ የመምህራንን መቅረትና የተማሪዎችን ማቋረጥ ይከታተላል። ጠንካራ ኅብረት ያለውና የሌለው ትምህርት ቤት ልዩነታቸው ከበሩ ይታያል።

መዋጮና የጉልበት ሥራ ተሳትፎ ነውን?

በአገራችን «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚለው ሐረግ በሪፖርት ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ በብርና በሰው ጉልበት ቀን ነው የሚለካው፦ ይህን ያህል ሺህ ሰው በተፋሰስ ልማት ወጣ፣ ይህን ያህል ብር ለመማሪያ ክፍል ተዋጣ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በትግራይ፣ በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች የተራቆቱ ተራሮች በእርከንና በክልከላ የለመለሙት በዚህ ጉልበት ነው፤ ብዙ ሺህ የመማሪያ ክፍሎችም የቆሙት በወላጆች ድንጋይና እንጨት ነው።

ነገር ግን የሚያዋጣ ሁሉ ወሳኝ አይደለም። ነዋሪው ትምህርት ቤቱ የት እንደሚሠራ፣ ከጤና ኬላና ከመንገድ የትኛው እንደሚቀድም ሳይጠየቅ የድርሻውን ብር ብቻ ከተጠየቀ፣ ያ መዋጮ በሥራው ከግብር አይለይም፤ እንዲያውም ግብር በሕግ የተወሰነ ልክ ስላለው ይሻላል። በልማት ቡድንና በአንድ ለአምስት አደረጃጀት የነበረው ተሞክሮም እንዲሁ ነው። መልእክት ወደ ታች ለማድረስ ፈጣን ነበር፤ የፓርቲና የመንግሥት ሥራ ስለተቀላቀለበት ግን ቅሬታን ወደ ላይ ለማድረስ ብዙዎች አላመኑበትም። መዋጮን ወደ እውነተኛ ተሳትፎ የሚያቀርቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከመዋጣቱ በፊት ነዋሪው ቅድሚያ የሚሰጠውን መምረጡ፣ ከተዋጣ በኋላም በሕጋዊ ደረሰኝ ተሰብስቦ ወጪው በዚያው ሕዝብ ፊት መነገሩ።

ሕዝቡ ሳይጠየቅ ቢወሰንስ?

በዚህ ረገድ የጎረቤታችን የኬንያ ተሞክሮ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን አቋቁሞ ከብሔራዊ ገቢው ቢያንስ 15 በመቶ ለእነሱ እንዲሰጥ አዘዘ፤ የሕዝብ ተሳትፎንም የሕግ አወጣጥ ግዴታ አደረገው። የኪያምቡ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የፋይናንስ ሕግ በቂ የሕዝብ ተሳትፎ አልተደረገበትም ተብሎ ክስ ሲቀርብበት የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉን ሽሮታል። የኬንያ ካውንቲዎች በሙስናና በዕዳ የሚወቀሱበት ብዙ ነገር አለ። ቢሆንም ተሳትፎ መጣሱ ሕግን የሚያሽር ምክንያት መሆኑ፣ ሹሞች ስብሰባ ሲጠሩ ለይስሙላ እንዳይጠሩ ያስገድዳል። በእኛ አገር የምክክር መብት በሕገ መንግሥቱ ቢጻፍም፣ የወረዳ በጀት ሕዝብ ሳይመክርበት ቢጸድቅ ምን እንደሚከተል አይነግረንም፤ የድጎማውም ድርሻ በመቶኛ አልተወሰነም።

የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የት ደረሰ?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። የወረዳ ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነው። በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ተደርጓል። በሁለቱም ጊዜ የቀበሌ ምክር ቤቶች እጅግ ሰፍተው ስለነበር በአገሪቱ የሚመረጠው ሰው ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ መቀመጫዎቹን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያሸነፉት ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ሲሆኑ፣ በ2005ቱ ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አልተሳተፉም። በ2010 ሊደረግ የነበረው ምርጫ ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። የ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ የተወካዮች ምክር ቤትንና የክልል ምክር ቤቶችን፣ እንዲሁም የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ምክር ቤቶች ሲመለከት የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን አላካተተም።

ስለዚህ በብዙ ቦታ ምክር ቤት ተብሎ የቀጠለው ከ2005 ዓ.ም. ምርጫ የተረፈ ነው። ከአባላቱ የሞቱ፣ ቀያቸውን የለቀቁ፣ ሥራ የቀየሩ አሉ። ከቀሩትም ውስጥ በርካቶቹ መምህራንና የልማት ሠራተኞች ስለሆኑ፣ በምክር ቤት የሚቆጣጠሩት ካቢኔ በሥራ ቦታቸው አለቃቸው ነው። ግጭት በበረታባቸው አካባቢዎች ደግሞ ምክር ቤቱ ቀርቶ መደበኛው አስተዳደር ራሱ ተቋርጦ ያውቃል። የወረዳውን አስተዳዳሪ በድምፁ ማንሳት የማይችል ሕዝብ ያለው አማራጭ አቤቱታ ብቻ ነው፤ አቤቱታ ደግሞ ሰሚውን ይፈልጋል። ገንዘቡና ሥራው ምንም ያህል ቢወርድ፣ ይህ ክፍተት እስካልተደፈነ ድረስ የሥልጣን ማውረዱ ሥራ ተጀምሮ ያልተጠናቀቀ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነዋሪው አሁን ምን ሊጠይቅ ይችላል?

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት የሚያጸድቁት የክልሉ ድጎማ ከታወቀ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ አካባቢ ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ ጥያቄያቸውን የሚያዘጋጁት ግን ከዚያ ወራት ቀደም ብለው ነው። የመንገድ ወይም የትምህርት ቤት ጥያቄ ያለው ማኅበረሰብ ሐምሌ ላይ ቢሰለፍ ክፍፍሉ አልቆ ይደርሳል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ሆኖ በሚያዝያና በግንቦት ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤትና ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ቢገባ ክብደት ይኖረዋል።

በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን በጀት ሲያነቡ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ማየት ብዙም አይጠቅምም። ለሚፈልጉት ዘርፍ ከደመወዝ ውጪ ምን ያህል ሥራ ማስኬጃ እንደተያዘ፣ የተያዘውና ወጪ የሆነው ምን ያህል እንደሚራራቁ፣ በካፒታል ስር የተጻፈው ግንባታ በየትኛው ቀበሌ እንደሆነ መመልከት ይገባል። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ወይም ከአንድ ዓመት በፊት የተለጠፈ ወረቀት ከሆነ፣ የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጥያቄው በጽሑፍ ቀርቦ የቀረበበት ቀን ቢመዘገብ ይመረጣል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ ይጠበቅበታል፤ ጠያቂው በዚያ ካልረካ አቤቱታውን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።